ሌሶር ማነው? ሌሲስ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ አንዲት አንባቢያችን አዲስ አበባ ያለ ቤታቸውን ምድር ቤት ለአንድ የውጭ ድርጅት ለቢሮ አከራይተዋል። ውሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ ሲበላሽ ተከራዩ የጥገናውን ደረሰኝ ልኮ "ጥገና የሌሶር ነው ይላል" አላቸው። እሳቸው ሌሶር ማለት ተከራይ መስሏቸው ነበር። "ልክፈል ወይስ ልክሰስ?" ይላሉ።

እህቴ፣ ሌሶር እርስዎ ነዎት። አከራይ ማለት ነው። ተከራዩ ሌሲ ነው። የሚለዩት መጨረሻቸው ላይ ብቻ ስለሆነ ለቸኮለ ሰው ያምታታሉ፤ በኦ-አር የሚያልቀው ሰጪው፣ በሁለት ኢ የሚያልቀው ተቀባዩ ነው።

ይህችን ዘዴ ይዘው ባንክ ሲሄዱ ግን ይጠንቀቁ። ሞርጌጆር የሚባለው ባንኩ ሳይሆን ተበዳሪው ነው። "ገንዘብ የሚሰጠው ባንኩ አይደል እንዴ?" ብሎ የሚገለብጠው ብዙ ነው። እዚህ የሚሰጠው ገንዘቡ ሳይሆን መያዣው ነው፤ ቤቱን ያስያዘው ተበዳሪ ሞርጌጆር፣ መያዣውን የተቀበለው ባንክ ሞርጌጂ። እዚያ መሳሳት ከጄኔሬተር ይከብዳል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በውሉ ከተስማሙና ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ ይሸጠዋል።

ወደ እርስዎ ጉዳይ። "አልገባኝም ነበር" ብቻውን ብዙ አያራምድም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1733 መሠረት የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው በትርጉም ሰበብ ከዚያ መውጣት አይችልም። በስሕተት ምክንያት ውሉ ይፍረስልኝ ማለት ይቻላል፤ ግን ስሕተቱ መሠረታዊ እንደሆነና እውነቱን ቢያውቁ ኖሮ እንደማይዋዋሉ ማሳየት አለብዎት፣ ቢሳካም ኪራዩ አብሮ ይሄዳል። ለአንድ ጄኔሬተር ብለው? እኔ አልመክርም።

መጀመሪያ ውሉን ከላይ እስከ ታች ያንብቡት። ስምዎ ከየትኛው ቃል ጋር እንደተያያዘ ይዩ፣ ከዚያ "ሌሶር" ባለበት ሁሉ "አከራይ" እያሉ ይሂዱ። ከኢንተርኔት ወርደው በሚሞሉ ውሎች ውስጥ ሁለቱ ቃላት ተቀያይረው መግባታቸው አዲስ ነገር አይደለም። "ሌሶር ኪራዩን በየሦስት ወሩ በቅድሚያ ይከፍላል" የሚል ነገር ካገኙ ነገሩ ተቀየረ፤ አከራይ ኪራይ አይከፍልማ! ያኔ ውሉ ግልጽ አይደለም ብለው ይከራከራሉ። አንቀጽ 1738 ደግሞ አንዱ ወገን ያዘጋጀው ቃል ሲያጠራጥር ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል ይላል። ስለዚህ ውሉን አርቅቆ የላከው ድርጅቱ ከሆነ ያንን ኢሜይል እንዳያጠፉት።

እንዲህ ያለ ነገር ካላገኙ ክርክሩን ደረሰኙ ላይ ያድርጉት። ዕቃው አርጅቶ ነው የተበላሸው ወይስ ዘይቱን የሚቀይር ጠፍቶ? የተከራይ የአያያዝ ጉድለት ከሆነ የጥገና ግዴታዎ ውስጥ አይገባም የሚል ጥሩ መከራከሪያ አለዎት። ሳይከፍሉ በፊት የራስዎን ሜካኒክ ወስደው በጽሑፍ ያስመስክሩ።

ውሉ ሲታደስ ደግሞ አማርኛው ጎን ለጎን ይግባ፣ ቢለያዩ የትኛው እንደሚጸናም ይጻፍ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ፣ ክስ ከመጣ ያው መተርጎሙ አይቀርም።