መልስ፦ ጀሶ ውስጥ ያለ እጁ ጠመም ብሏል፣ ወጌሻ ጋ ልውሰደው?

አይዞሽ እህቴ። የ6 ዓመት ልጅሽ ከክርኑ በታች ተሰብሮ ጀሶ ከታሰረለት በኋላ ራጁ ላይ አጥንቱ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ጎረቤት ደግሞ «ወጌሻ ያቃናው» ብሎሻል። እኔ አትሞክሪው ነው የምልሽ። የልጅ አጥንት ገና ስለሚያድግ ትንሽ ጥመት፣ በተለይ ወደ እጅ አንጓ ከቀረበ፣ በጊዜ ራሱ ይቃናል። ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥንቱ ሊንሸራተት ስለሚችል የራጅ ቀጠሮው እንዳያልፍሽ። ከኮዬ ፈጬ ታክሲ ተጋፍቶ መምጣቱ ቢያታክትም!

የእህቴን ልጅ አንድ ወጌሻ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ አሰራት። ማታ ጣቶቿ አብጠው ቀዘቀዙ። ፈትተን ሮጥን እንጂ ደም የተቋረጠበት እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

ጀሶም ቢሆን ሊጠብቅ ይችላል። ጥፍሩን ጫን አድርገሽ ልቀቂው። የነጣው በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ስትዘረጊያቸው ከጮኸ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። እጁን በትራስ ከፍ አድርጊለት። ሲያሳክከው ደግሞ ምንም ነገር ወደ ውስጥ እንዳይከት (የኛዋ የማንኪያ እጀታ ከታ ነበር)።