የሚደወልለት የሌለው ገንዘብ

ልጆች፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሞኑን በእናንተ ዕድሜ ካሉ ዘመዶቼ ጋር ስቀመጥ ወሬው ሁሉ ክሪፕቶ ነው፤ እንደ ቢትኮይን ያለ፣ ያለ ባንክ በኢንተርኔት የሚላላክ ዲጂታል ገንዘብ። «ባንክ ድሮ ቀረ» ይሉኛል። ቢትኮይን ገዝቶ ማስቀመጡን ለእናንተው ልተወው። እኔ የማወራው ስለ ዕለት ገንዘብ ነው፤ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አስቤዛ።

አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ የዕቃ አቅራቢ ክፍያ ሲልክ ተሳስቶ የሌላ ሰው ሂሳብ ቁጥር አስገባ። ገንዘቡ ሄደ። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። ደብዳቤ ጻፍን፣ ደወልን፣ ደግመን ደወልን። በአራተኛው ቀን ገንዘቡ ተመለሰ። ባንኮችን ዕድሜዬን ሙሉ ሳማርር ኖሬያለሁ። ያን ሳምንት ግን የሚደወልለት ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር እንደሆነ ገባኝ።

ቢትኮይን ላይ ለማን ትደውላላችሁ? እንደ ሂሳብ ቁጥር ከሚያገለግለው ረጅም የፊደልና የቁጥር አድራሻ አንድ ፊደል ብትስቱ፣ ዋሌቱ (ገንዘቡን የምትልኩበት መተግበሪያ) ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ይነግራችኋል፤ እሱስ ጥሩ ነው። ሰው የሚሳሳተው ግን ኮፒ ሲያደርግ ነው። የትናንቱን አድራሻ ለዛሬ ይለጥፋል። ኮፒ ያደረጋችሁትን አድራሻ ቀስ ብሎ በሌባው አድራሻ የሚቀይር ቫይረስም አለ። ክፍያው አንዴ ከጸደቀ በኋላ ተቀባዩ ራሱ ካልመለሰላችሁ በቃ፣ አለቀ። ቁልፉም እንዲሁ ነው። ገንዘባችሁን በራሳችሁ ዋሌት ከያዛችሁ ሁሉ ነገር ዋሌቱ ሲከፈት በሚሰጣችሁ 12 ወይም 24 ሚስጥራዊ ቃላት ላይ ይንጠለጠላል። ቃላቱ ከጠፉና ስልካችሁ ከተበላሸ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚል ቁልፍ የለም። «ታዲያ ቢትኮይን የሚገዛበትና የሚሸጥበት መገበያያ ድርጅት ያስቀምጥልናላ!» ትሉኝ ይሆናል። ያኔ ግን መልሳችሁ ሌላ ሰው ማመናችሁ ነው። ማውንት ጎክስ የተባለውን መገበያያ ድርጅት ያመኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 850,000 ቢትኮይን ጠፋ ተባሉ።

ዋጋውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 አንድ ቢትኮይን 69,000 ዶላር ገደማ ነበር። በዓመቱ ወደ 16,000 ወርዷል። ደመወዙን በዚህ የሚቀበል ሰው የዓመት ኪራይ ውል እንዴት ይፈርማል? ዋጋው ሲጨምርም ችግር አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት ፒዛ በ10,000 ቢትኮይን የገዛው ሰውዬ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። እኔ አልስቅበትም፤ ገንዘቡን እንደ ገንዘብ ተጠቀመበት እንጂ ምን አጠፋ? የሚያስቅ ከሆነ የሚያስቀው፣ ዳቦ የገዛበትን ሰው የሚያስቆጭ ገንዘብ ነው።

ኮሚሽኑ ደግሞ አለ። ቢትኮይን በአማካይ በ10 ደቂቃ አንድ ብሎክ፣ ማለትም አንድ ጥቅል ክፍያ፣ ይዘጋል፤ በሰከንድ ሰባት ገደማ ክፍያ ቢያስተናግድ ነው። ወረፋው ሲበዛ ኮሚሽኑ ይሰቀላል። በላካችሁት መጠንም አይሰላም፤ ቤት የገዛውም ቡና የገዛውም ተመሳሳይ ሊከፍል ይችላል። የኮምፒውተር ጌም የሚሸጠው ስቲም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ቢትኮይን መቀበል ያቆመው በዚህና በዋጋው መዋዠቅ ነው። አንድ ክፍያ እስከ 20 ዶላር ኮሚሽን ይጠይቅ ነበር። ልብ በሉ፣ የስቲም ደንበኞች እንደኔ ያሉ ሽማግሌዎች አይደሉም።

የመካከለኛው አሜሪካዋ አገር ኤል ሳልቫዶርም እ.ኤ.አ. በ2021 ቢትኮይንን በሕግ መገበያያ አደረገች። በ2025 መጀመሪያ ላይ ሕጉ ተሻሽሎ ነጋዴው የመቀበል ግዴታው ቀረለት።

የግድ መላክ ካለባችሁ መጀመሪያ ትንሽ ላኩ። ደረሰ ስትባሉ ቀሪውን። የአድራሻውን መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ ሳይሆን መሃሉንም እዩት። የወር ወጪያችሁን ግን እዚያ አታስቀምጡ። ያ ሸሚዙ የተለጠፈበት ልጅ ዛሬ የክፍል ኃላፊ ነው። አሁንም ሂሳብ ቁጥር ሲያስገባ ድምፁን አውጥቶ ነው የሚያነበው። አዳዲሶቹ ሠራተኞች ይስቁበታል አሉ።