ለባሕር ታሪክ ሙዚየሙ ግማሽ ቀን ስጠው

«አምስተርዳም ሁለት ቀን ብቻ ነው የምቆየው፤ የባሕር ታሪክ ሙዚየሙ ጊዜ ይገባዋል ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ በደንብ ይገባዋል። ግማሽ ቀን ስጠው።

ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ሕንጻው ራሱ ታሪክ ነው። በ1656 እ.ኤ.አ. ለባሕር ኃይሉ መጋዘን እንዲሆን ነው የተሠራው። ግቢው ውስጥ ስትገባ ቀና ብለህ የመስታወት ጣሪያውን እየው፤ የመስመሮቹ ንድፍ ከጥንታዊ የባሕር ካርታዎች የመጣ ነው።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የያዘችኝ «አምስተርዳም» የተባለችው መርከብ ቅጂ ናት። ዋናዋ የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ ነበረች። ገና በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ በ1749፣ እንግሊዝ ጠረፍ ሄስቲንግስ አጠገብ ቀረች። ወደ ታችኛው ወለል ውረድ። ያን ጠባብ ቦታ ስታይ፣ ወደ እስያ ለመድረስ ወራት የሚፈጀውን ጉዞ መርከበኞቹ እንዴት እንደቻሉት ይገርምሃል። ደግሞ ኩባንያው ቅመም ብቻ አልነበረም የሚነግደው፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህንን ሳትረሳ ጎብኘው።

ለልዩ ልዩ ክፍሎቹ የመክፈቻ ሰዓት ድረ ገጻቸውን ቀድመህ እይ።

የቦይ ጀልባውን ከሙዚየሙ በኋላ አድርገው። በቦዮቹ ዳር የቆሙት ቤቶች አናት ላይ መንጠቆ ታያለህ፤ ዕቃ በገመድ ወደ ላይ የሚጎተትበት ነው።