የቤተሰብ አርማ የተቀረጸበት የብር ዕቃ የማን ነው?

ጥያቄ፦ በዌልስ የነባር ባለርስት ቤተሰብ ተወላጅ የሆኑ አረጋዊትን ለስድስት ዓመት በቤታቸው ተንከባክቤያለሁ። ከማረፋቸው አንድ ዓመት በፊት የቤተሰባቸው አርማ የተቀረጸበትን ጥንታዊ የብር በራድ፣ የወተት መቅጃና ትሪ በእጄ ሰጡኝ። አሁን የወንድማቸው ልጅ «አርማው የእኛ ነውና ዕቃውን ይመልሱልን» ብሎ ጽፎልኛል። ልመልስ ይገባኛል?

መልስ፦ የአረጋዊቷን ነፍስ ይማር። በዚህ ደብዳቤ ብቻ ተገድደው ምንም እንዳይመልሱ እመክርዎታለሁ። በእንግሊዝና በዌልስ አርማ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1484 የተቋቋመው የለንደኑ የአርማዎች ኮሌጅ ሲሆን፣ የሚወረሰውም በተሰጠው ሰው የዘር ሐረግ እንጂ በስም መመሳሰል አይደለም። አርማው የተቀረጸበት ዕቃ ግን እንደማንኛውም ተንቀሳቃሽ ንብረት የሚሸጥ፣ የሚሰጥና የሚወረስ በመሆኑ፣ ቅርጹ ዕቃው ከማን ቤት እንደወጣ ይጠቁማል እንጂ ዛሬ የማን እንደሆነ አይወስንም። በሟች ስም ንብረት የመጠየቅ ሥልጣን ያለውም ኑዛዜ አስፈጻሚው ወይም በሕግ የተሾመ የውርስ አስተዳዳሪ ስለሆነ፣ ጸሐፊው በየትኛው ሥልጣን እንደሚጠይቅዎት በጽሑፍ እንዲገልጽ ያድርጉ።

ክርክሩ የሚከብደው ስጦታው ላይ ነው። በእጅ የተረከቡት ስጦታ የግድ ሰነድ አያስፈልገውም፤ ሆኖም አረጋዊቷ በእርስዎ እንክብካቤ ሥር ስለነበሩ፣ እምነታቸውን ጥለውብዎት እንደነበርና ስጦታው ማብራሪያ የሚሻ መሆኑን ከሳሹ ካስረዳ፣ በነጻ ፈቃዳቸው መስጠታቸውን የማስረዳት ሸክም በእርስዎ ላይ ይወድቃል። በወቅቱ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ይህንን መርህ እ.ኤ.አ. በ2001 በኤትሪጅ ጉዳይ በሰፊው አብራርቶታል። ስለዚህ የጻፉልዎትን ካርድና የስልክ መልእክት ይሰብስቡ፤ ዕቃውን ሲሰጡዎት በቦታው የነበሩ ሰዎችን፣ ከሁሉ በላይ ስለ ስጦታው ያማከሩት የራሳቸው ጠበቃ ካለ እርሱን ያፈላልጉ። የተቀጠሩት በድርጅት በኩል ከሆነ ውልዎ ስጦታ መቀበልን ይከለክል እንደሆነ ይመልከቱ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ባለርስት ቤተሰቦች የብር ዕቃቸውን ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በአደራ ንብረትነት፣ ማለትም ባለአደራዎች ለተከታዩ ትውልድ በሚጠብቁት ንብረትነት፣ አስረው ማቆየታቸው የተለመደ ነበር፤ አረጋዊቷ በዕድሜ ልክ የመገልገል መብት ብቻ ከነበራቸው፣ ያልነበራቸውን ባለቤትነት ሊያስተላልፉልዎት አይችሉም። የአደራው ሰነድና የዕቃዎቹ ዝርዝር እንዲቀርብልዎት ይጠይቁ፤ ከዚያም ዕቃዎቹ ላይ የተመቱትን ማኅተሞች ፎቶግራፍ ያንሱ። ዌልስ የብርን ጥራት ፈትሾ ማኅተም የሚመታ የራሷ የብር መመርመሪያ ቢሮ ስላልነበራት የነብር ራስ የለንደንን፣ ሦስት የስንዴ ነዶና ሰይፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 የተዘጋውን የቼስተር ቢሮ ያመለክታሉ፤ ከጎናቸው ያለው ፊደልም ዓመቱን ይነግራል። በራዱ ከዝርዝሩ በኋላ የተሠራ ሆኖ ከተገኘ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለው በራድ እርሱ አይደለም።

ክርክሩ እስኪያልቅ አይሽጡት፣ ቅርጹንም አያስፍቁ። ወደ አዲስ አበባ ለመውሰድ አስበውም ከሆነ፣ ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ዕቃዎች ከብሪታንያ ሲወጡ የወጪ ፈቃድ ደንብ ስለሚመለከታቸው፣ ፈቃዱን አስቀድመው ያጣሩ።