ትርኢት ከሆነ ላይፍ ጃኬት ይቅር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፍሎሪዳ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የውሃ ስኪ (እግር ላይ በሚታሰር ሰሌዳ ውሃ ላይ የመንሸራተት) ትርኢት ቪዲዮ ላከልኝ። ሰዎች አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆመው በጀልባ ይጎተታሉ። ሰውን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት የለበሱ አይመስሉም። «ለትርኢት ሕጉ አይሠራም» አለኝ። እኛም ለአዲስ ዓመት ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አስበናል። የሞተር ጀልባም ተገኝቷል። ጃኬቱ ቢቀር ችግር አለው?
ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአክስትህ ልጅ አልዋሸህም። ግን የነገረህ ግማሹን ነው።

የፍሎሪዳ ሕግ ስኪ በሚጎትት ጀልባ ላይ ከነጂው ሌላ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው እንዲኖር ያዛል። ሰው ከሌለ ኋላውን በሰፊው የሚያሳይ መስታወት ያስፈልጋል። የሚጎተተው ሰው ላይፍ ጃኬት ይለብሳል፤ በአየር የሚነፋው ዓይነት አይፈቀድም። ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላም መጎተት ክልክል ነው። ከዚህ ነፃ የሆኑት በሙያቸው ትርኢት የሚያሳዩና በይፋ በተዘጋጀ ውድድር ወይም ትርኢት የሚሳተፉ ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ግን ዝም ብለው አልተለቀቁም። ፍሎሪዳ ውስጥ ሳይፕረስ ጋርደንስ ይባል በነበረው መናፈሻ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የስኪ ትርኢት ይታይ ነበር። እዚያ ይህ የቆየ ሙያ ነው። ሰው ትከሻ ላይ ሲወጣ የጃኬት ማሰሪያ እግር ሊይዝ ይችላል። በጃኬቱ ፋንታ ብዙ ልምምድ አለ። የወደቀውን ወዲያው የሚያነሳ ሌላ ጀልባ ዳር ላይ ይጠብቃል። ካሜራው ወደዚያ ስለማይዞር አንተ አላየኸውም። እናንተ ጋ ይሄ ሁሉ አለ? ደግሞም ያ የፍሎሪዳ ሕግ ነው፤ ሐይቅ ድረስ አይመጣም።

ይህን የምልህ ላንጋኖ ላይ ጀልባ ስለነዳሁ ነው። አንድ ቀን ወደ ኋላ የሚያይልኝ ረዳቴ ቀረ። ደንበኛው ቸኩሏል፤ እኔም እሺ አልኩ። የምጎትተው ልጅ ስኪው ላይ ቆሞ ጥሩ እየሄደ ነው። ወደቀ አልወደቀ ብዬ ዞር አልኩ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያልፋል። ሦስት ሴኮንድ ያህል ዞሬ ስመለስ የአንድ ዋናተኛ ጭንቅላት ከፊቴ ነበር። መሪውን ጠምዝዤ ለጥቂት አለፍኩት። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ድምፅ ግን አላወጣም። ያ ፊት እስከ ዛሬ ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ ያለ ረዳት ሞተር አስነስቼ አላውቅም።

የእኛ ሐይቅ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ዓሣ አጥማጆች መረብ ይጥላሉ፤ ታንኳቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከሩቅ አይለይም። የት እንደሚጥሉ ከዋዜማው ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ቦታውን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሌላው ከፍታው ነው። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተራ ሞተር ከጉልበቱ 20 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ከውሃው አውጥቶ ለማቆም እንኳ ይቸገራል። ሦስት ሰው ተደራርቦ ይጎተታል የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ ተዉት፣ እባካችሁ።

አንድ ሰው በሁለት ስኪ፣ ላይፍ ጃኬት በደንብ ታስሮ፣ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፤ ይህ ለሐይቅ ሕዝብ በቂ ትርኢት ነው። የሚጎተተው ሰው ለጀልባው የሚያሳየውን የእጅ ምልክት መሬት ላይ ተለማመዱ። አውራ ጣት ወደ ላይ «ፍጠን»፣ ወደ ታች «ቀንስ» ነው። እጅ አንገት ላይ እንደ ቢላ ሲያልፍ «ሞተር አጥፋ» ማለት ነው። የወደቀ ሰው ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ካጋጠመ ደህና ነው። ያ ምልክት ካልታየ ጊዜ ሳትፈጁ ተመለሱ። እስክትደርሱ አንዱን ስኪ ከውሃው አቁሞ ይያዝ፤ ጭንቅላት ብቻውን ለሌላ ጀልባ አይታይም። ስታነሱት ሞተሩ ይጥፋ። ማርሽ ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ጀልባውን የሚገፋው ፕሮፔለር እግሩ አጠገብ ነው።

ወደ ኋላ የሚያይ ሰው ካጣችሁ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ንገረኝ። እኔ ያለሁበት ኮምቦልቻ ከሐይቅ ከተማ ሩቅ አይደለም፤ እኔው መጥቼ እቀመጣለሁ።