ቴርሞስታቱ መኖሩን ሳያረጋግጡ አዲስ ኩላንት አይጨምሩ

በፈረንጆቹ 1993 የተሠራ ኮሮላ እንዳለዎት፣ የራዲያተሩ ውሃ የዝገት ቀለም እንደያዘ ገልጸው ኩላንቱን (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ) ቤትዎ መቀየር ይችሉ እንደሆነ ለጠየቁት ወንድማችን መልሴ ይችላሉ ነው። እኔም ተመሳሳይ ኮሮላ ስላለኝ አራት ኪሎ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ ይህንን ሥራ ለዓመታት በራሴ እጅ ስሠራ ቆይቻለሁ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩ ታፖ (ክዳን) እንደማይከፈት የሚያውቁ ስለሚመስለኝ ከዚያ አልጀምርም።

አንደኛ፣ አሮጌውን ኩላንት ከማፍሰስዎ በፊት መኪናዎ ቴርሞስታት (በሙቀት እየተከፈተ የውሃውን ዝውውር የሚቆጣጠር ቫልቭ) ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። የእርስዎም መኪና እንደ እኔው በብዙ ጋራዦች ያለፈ ይመስለኛል። ጠዋት ሞተሩን ያስነሱና እጅዎን ከቬንትሌተሩ (ከማራገቢያው) እና ከቺንጋው (ከቀበቶው) አርቀው የታችኛውን የራዲያተር ጎማ (ውሃ የሚያስተላልፈውን ቱቦ) በየጊዜው ይዳስሱ። ቴርሞስታት ያለው ከሆነ ጎማው ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ከዚያ በኋላ ይሞቃል፤ የሌለው ከሆነ ግን ከመጀመሪያው አንስቶ ከሞተሩ ጋር ቀስ በቀስ እየሞቀ ይሄዳል።

የእኔን ቴርሞስታት አውጥቶ የጣለው ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የመሀል ከተማ ጋራዥ ነው። መኪናዋን ያስገባሁት የውሃ ፖምፓ ለማስቀየር ነበር፤ ሒሳቤን ከፍዬ ስወጣ ቴርሞስታቱ መነሳቱንም ሆነ በኩላንት ፈንታ የቧንቧ ውሃ መሞላቱን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቤንዚን መብላት ጀመረች፤ በቀለበት መንገድ ስሄድ የሙቀት መለኪያው ከመጠን በላይ ይወርዳል፤ ዳገት ላይ በዝግታ ስሄድ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። በመጨረሻ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት በሚወስደው የቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ፣ በመኪና ሰልፍ መካከል ፈላች። ሌላ ጋራዥ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛው ክፍል) ሲያነሳ በሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቶ፣ ቴስታታው ራሱ ተጣሞ ተገኘ። የወጣውን ገንዘብ እዚህ መዘርዘር አልፈልግም፤ ለአንድ ቴርሞስታትና ለጥቂት ሊትር ኩላንት ከሚከፈለው ጋር ግን ፈጽሞ የሚወዳደር አይደለም።

ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመልሼ ስጠይቅ ኃላፊው «ቴርሞስታት የተሠራው ለብርድ አገር ነው፤ ለአዲስ አበባ አያስፈልግም» አለኝ። ስከራከረው ደግሞ «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። መኪናዋን የገዛኋትም፣ የምነዳትም፣ ለእርሱም ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ስለሆንኩ ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሰጠኝ ምክንያትም ስሕተት ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሲሞቅ ውሃው በራዲያተሩ በኩል እንዲዞር መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ጊዜ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከተነሳ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ሞተሩ ብዙ ሲሠራና የሚገባው ነፋስ አነስተኛ ሲሆን መኪናዋ የምትፈላውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የራዲያተሩ ታፖ ሲሆን ይህም ከከተማችን ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ውሃ ክፍት ዕቃ ውስጥ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ጤነኛ ታፖ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ የመፍያው ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ታፖ ግን ይህንን ጥቅም ያሳጣዎታል። ስለዚህ መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ሲወርዱ ታፖውንም ቴርሞስታቱንም አሮጌውን ይዘው ሄደው እያስተያዩ ይግዙ፤ በታፖው ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ቴርሞስታቱን ከመግጠምዎ በፊት ለምግብ በማይውል ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለው ውሃ ያፍሉበት። 82 የሚል ቁጥር (መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ) ያለው ከሆነ ውሃው ሲፈላ በግልጽ መከፈት ይኖርበታል፤ እስከ መጨረሻው ላይከፈት ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የእኛ ውሃ ግን ከዚያ በፊት ይፈላል። ሲገጥሙት ትንሿ የአየር ማሳለፊያ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን።

ማፍሰሱ ራሱ ቀላል ነው። ከራዲያተሩ ሥር ያለው የፕላስቲክ ማፍሰሻ በእርጅና ስለሚሰባበር በፒንሳ አያስገድዱት፤ እምቢ ካለ የታችኛውን ጎማ ፋሸታ (ማሰሪያ) ያላሉ። በሞተሩ ብሎክ ላይ ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ካልከፈቱ ጥቂት የማይባል አሮጌ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ከዚያም የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ወደ ሙቅ አድርገው፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ በንጹሕ ውሃ ይጠቡት።

አሞላሉ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ከጠቡት በኋላ በብሎኩ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ስለሚቀር ኩላንቱን አስቀድመው ከውሃ ጋር እኩል በጥብጠው ቢጨምሩት ቀጥኖ ይቀራል። የእነዚህ ኮሮላዎች መጠን ከ5 እስከ 6 ሊትር አካባቢ ስለሆነ፣ ያልተበረዘ ኩላንት ገዝተው በመጀመሪያ የመጠኑን ግማሽ ይጨምሩ፤ የቀረውን ለባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሙሉት። አሲዱን ሳይሆን ውሃውን መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብበው ያረጋግጡ። ኩላንቱን በቀለሙ ብቻ አይምረጡ፤ ቀለም የጥራት ምስክር አይደለም።

አየር ለማስወጣት የሠፈራችን ዳገት ይጠቅማል። መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገው ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ያድርጉ፣ ታፖው ገና ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እንደተከፈተ አስነሥተው አረፋው እስኪያቆም ድረስ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። በመኪናው ውስጥ የሚነፍሰው አየር ሞቅ ካላለ አየር ገና አልወጣም ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ደረጃውን እንደገና ይመልከቱ።

የወጣውን ኩላንት ደጅ ባለው ቦይ ውስጥ እንዳያፈሱት፣ በሃይላንድ ጠርሙስም እንዳያስቀምጡት አደራ እላለሁ። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ሕፃንም ይጠጣዋል፤ መርዙም ኩላሊትን አጥፍቶ ይገድላል። ክዳኑ ጠብቆ በሚዘጋ ጀሪካን አድርገው ምንነቱን ጽፈው ያስቀምጡና ለሚቀበልዎ ጋራዥ ያስረክቡ።

የሞተሩን ዓይነት ቢጽፉልኝ የብሎኩ ማፍሰሻ ብሎን በየት በኩል እንደሚገኝ ላሳይዎት ፈቃደኛ ነኝ።