አሰልጣኝ ፍለጋው ለምን ይንዛዛል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፦ ክለቡ አሰልጣኙን አሰናብቷል፣ አዲሱ ግን አልመጣም። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ክለባችን አሰልጣኙን ካባረረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። በየቀኑ አዲስ ስም ይወራል። ዛሬ አንዱ "ተስማምቷል" ይባላል፣ ነገ ሰውየው ሌላ ክለብ ይፈርማል። ቦርዱ ደግሞ ዝም ብሏል። ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን እየሠሩ ነው? ቶሎ መርጦ መገላገል ይህን ያህል ከባድ ነው?

መልስ፦ ንዴትህ ይገባኛል ወንድሜ። ግን የጊዜው መርዘም ብቻውን ምንም አይነግርህም። በጣም ፈጣን የነበረ ፍለጋ ላስታውስህ። በ2013 ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ከማንቸስተር ዩናይትድ እንደሚለቁ ግንቦት 8 ቀን ተነገረ። በማግስቱ ዴቪድ ሞይስ ተሾመ። አንድ ቀን! ውሉ የስድስት ዓመት ነበር፤ ሞይስ ግን አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በአስረኛው ወር ላይ ተሰናበተ። ሻምፒዮን ሆኖ የተረከበው ቡድን ያን ዓመት 7ኛ ወጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ሞይስ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ያን ክረምት ከፈርጉሰን ጋር ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴቪድ ጊልም ለቀቀ። የቆዩት ረዳቶች፣ እነ ማይክ ፌላን፣ ሬኔ ሙለንስቲንና የበረኞች አሰልጣኙ ኤሪክ ስቲልም ሄዱ፤ ሞይስ ከቀድሞ ክለቡ ከኤቨርተን ሰዎቹን ይዞ ገባ። እስቲ አስበው፣ ተጫዋቹ ከእረፍት ሲመለስ አሰልጣኙ አዲስ፣ ረዳቱ አዲስ፣ ቢሮ ውስጥ ዝውውር የሚጨርሰውም ሰው አዲስ ነው። ክለቡ ሰው መረጠ እንጂ "ከዚህ ሰውዬ በኋላ እኛ ምን ዓይነት ቡድን ነው የምንሆነው?" የሚለውን አልመለሰም።

እኔ አጥብቄ የምከራከርበት ነገርም ይሄ ነው። ስም መጨረሻ ላይ ነው መምጣት ያለበት። መጀመሪያ ክለቡ ያለውን ቡድን ይይ። ተከላካዮቹ ወደ መሃል ሜዳ ተጠግተው መጫወት ይችላሉ ወይስ ከኋላቸው ክፍት ቦታ ሲኖር ይጨነቃሉ? አማካዮቹ ኳስ ሲነጠቁ ወዲያው ተሯሩጠው ለማስመለስ ጉልበቱ አላቸው? ለዝውውር ያለው ገንዘብ ስንት ተጫዋች ይገዛል? ይሄ ከተመለሰ ዝርዝሩ በራሱ ያጥራል። ካልተመለሰ ግን ሰኞ ኳስ ይዞ የሚያጠቃ፣ ሐሙስ አስር ሰው ኋላ የሚያሰልፍ አሰልጣኝ ስም ትሰማለህ። ከአንድ ክለብ ጋር የሚወሩት ስሞች በአጨዋወት የማይገናኙ ከሆኑ፣ ወይ ወሬው ውሸት ነው ወይ ክለቡ የሚፈልገውን አያውቅም።

ሊቨርፑል በ2024 ያደረገውን ተመልከት። ዩርገን ክሎፕ እንደሚለቅ ጥር ላይ ተናገረና ለክለቡ ወራት ሰጠው። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ዣቢ አሎንሶ ነበር፤ እሱ መጋቢት ላይ ሌቨርኩሰን እቀራለሁ አለ። ሊቨርፑል አልተደናገጠም። የፌይኖርዱን አርኔ ስሎት አመጣ። ከፊት ሜዳ ላይ ጫና የሚፈጥር፣ የሚያጠቃ ቡድን ይዞ በ2023 የሆላንድ ሊግን ያሸነፈ ሰው ነው። ክለቡ እጁ ላይ ላሉት ተጫዋቾች የሚስማማ ሰው ነበር የሚፈልገው፣ አገኘውም። በመጀመሪያ ዓመቱ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ።

ባየር ሙኒክ ደግሞ በዚያው ዓመት መከራውን አይቷል። የካቲት ላይ ቶማስ ቱሄል በውድድር ዓመቱ መጨረሻ እንደሚሄድ አስታወቀ። አሎንሶ እምቢ አለ። ናግልስማን ከጀርመን ብሔራዊ ቡድን ጋር ውሉን አራዘመ። ራንግኒክ ከኦስትሪያ ጋር መቆየትን መረጠ። ከዚያ ተመልሰው ራሱን ቱሄልን ለመኑ፣ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ ግንቦት ሊያልቅ ሲል ከበርንሌይ ጋር ከፕሪሚየር ሊጉ የወረደውን ቪንሰንት ኮምፓኒን ሾሙ። ስንቱ ሳቀባቸው! ኮምፓኒ ግን በዓመቱ የቡንደስሊጋውን ዋንጫ መለሰላቸው። ውጤቱ አምሯል፣ መንገዱን ግን አልወድለትም። ባየር ያለው ተጫዋችና ገንዘብ እንዲህ ያለውን ግራ መጋባት ይሸከማል፤ የአንተ ክለብ ይሸከም እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ሌላ ደግሞ ከውጭ የማይታይ ሥራ አለ። አሰልጣኝ ብቻውን አይመጣም። ረዳቶቹን፣ የበረኛ አሰልጣኙን፣ የአካል ብቃት ባለሙያውን፣ ቪዲዮ የሚተነትንለትን ሰው ይዞ ነው የሚመጣው፤ እያንዳንዳቸው ደግሞ የየራሳቸው ውል አላቸው። "ተስማምቷል" ከተባለ በኋላ ሳምንታት የሚያልፉት አንዳንዴ ለዚህ ነው። ከሚወራው ስም ውስጥም ከፊሉ ከወኪል የሚመጣ ነው። ወኪሉ የአንተን ክለብ ስም አስወርቶ ደንበኛው አሁን ባለበት ክለብ ደሞዝ ያስጨምርለታል። ስለዚህ ነገ ሌላ ቦታ ፈረመ ብለህ አትናደድ፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው ወደ እናንተ የመምጣት ሐሳብ አልነበረውም።

ጥያቄ፦ ጊዜያዊ አሰልጣኛችን አምስት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈልን። የቀድሞ ተጫዋቻችን ነው፣ ስታዲየሙ በሙሉ ስሙን እየዘመረለት ነው። ቦርዱ ለምን ያመነታል? ሥራው ይሰጠው!

መልስ፦ እህቴ፣ ደስታሽን ላበላሽ አልፈልግም፤ ግን ቦርዱ ማመንታቱ ልክ ነው።

አሰልጣኝ የሚባረረው መቼ ነው? ቡድኑ መጨረሻው ላይ ሲደርስ። ኳሱ አግዳሚ ሲመታ፣ በረኛው የማይሳሳተውን ሲሳሳት፣ ሦስት ተከላካይ በአንድ ጊዜ ሲጎዳ። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ዕድል ነው፤ እንደዚያ ያለ ዕድል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይቀጥልም። ስለዚህ ማንም ይምጣ ማን ቡድኑ በተወሰነ ደረጃ ይነሳል። በዚያ ላይ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተረስቶ የነበረው ተጫዋች አዲሱ ሰው እንዲያየው ልምምድ ላይ ይሞታል።

ኦሌ ጉናር ሶልሻየር ታኅሣሥ 2018 ዩናይትድን በጊዜያዊነት ያዘና የመጀመሪያ ስምንት ጨዋታዎቹን በሙሉ አሸነፈ። ፓሪስ ሄዶ ፒኤስጂን 3 ለ 1 ረትቶ ከሻምፒዮንስ ሊጉ አስወጣ። ያን ምሽት "አይሰጠው" የሚል ደጋፊ ብትፈልጊ አታገኚም ነበር። መጋቢት ላይ ቋሚ ሆነ። ከዚያ ቡድኑ ወረደ፤ የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ በሜዳው ወራጅ በነበረው ካርዲፍ 2 ለ 0 ተሸንፎ 6ኛ ሆኖ ጨረሰ። በኋላ 3ኛና 2ኛ ወጥቷልና ከንቱ ነበር ማለት ግፍ ነው፤ ግን ዋንጫ ሳያነሳ በኅዳር 2021 ተሰናበተ። ሮቤርቶ ዲ ማቴዮ ደግሞ በ2012 በጊዜያዊነት ገብቶ ለቼልሲ ኤፍኤ ካፕና ሻምፒዮንስ ሊግ አመጣ። ከዚህ በላይ ምን ያምጣ? ሰኔ ላይ ቋሚ ሆነ፣ ኅዳር ላይ ተባረረ።

የሚሳካላቸውም አሉ። ሊዮኔል ስካሎኒ በ2018 አርጀንቲናን ሲይዝ ጊዜያዊ ነበር፤ በ2022 የዓለም ዋንጫ አነሳ። ስለዚህ ጊዜያዊ ስለሆነ ብቻ ይቅር አልልም። አምስቱን ጨዋታዎች ግን ውጤታቸውን ትተሽ ድጋሚ እያቸው። ቡድኑ የግብ ዕድል እየፈጠረ ነው ያሸነፈው ወይስ በረኛው አድኖት? የተጋጠማችሁት ማንን ነው? ተቃራኒው ቡድን አጨዋወታችሁን ሲያነብባችሁ ጊዜያዊው ሰው ከእረፍት በኋላ ምን ቀየረ? እኔ ቦርዱን ብሆን እስከ ውድድር ዓመቱ መጨረሻ አቆየዋለሁ፣ ፍለጋውን ሳላቋርጥ፣ እሱንም ከሌሎቹ ጋር እኩል ቁጭ አድርጌ እጠይቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ ኳስ ማየት ከጀመርኩ አርባ ዓመት አልፎኛል። ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ስንትና ስንት አሰልጣኞች እያሉ ክለቦች ለሌላ ክለብ ሰው ሚሊዮኖች ካሳ የሚከፍሉት ለምንድነው? ገንዘቡ ለአጥቂ አይሻልም?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው። ሥራ ላይ ያለ አሰልጣኝ የሚፈለገው ሥራው ዛሬ ስለሚታይ ነው። ቡድኑ ቅዳሜ እንዴት እንደሚጫወት ያዩታል፣ ወጣቱን እንዴት እንዳሳደገው ያዩታል። ሁለት ዓመት የተቀመጠውን ግን በትናንት ስሙ ነው የሚገምቱት።

ሆኖም ካሳው ዋስትና አይደለም። ቼልሲ መስከረም 2022 ግሬም ፖተርን ከብራይተን ሲወስድ ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደከፈለ ተዘግቧል፤ የአምስት ዓመት ውል የሰጠውን ሰው ሰባት ወር ሳይሞላው ሚያዝያ 2023 ላይ አሰናበተው። ብራይተን ደግሞ አሰልጣኙ ቢወሰድበትም በአስር ቀን ውስጥ ሮቤርቶ ደ ዘርቢን አመጣ። ያን ዓመት 6ኛ ወጥቶ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአውሮፓ ውድድር አለፈ። እዚህ ላይ ፍጥነቱ ችኮላ አልነበረም። ብራይተን አሰልጣኙ ሥራ ላይ እያለ ተተኪዎችን እየተከታተለ የሚቆይ ክለብ ስለሆነ ነው።

ለስፖርቲንግ ሊዝበን ግን ካሳው ሠርቶለታል። በመጋቢት 2020 ሩበን አሞሪምን ከብራጋ ለማምጣት 10 ሚሊዮን ዩሮ ከፈለ። ሰውየው 35 ዓመቱ ነበር፣ በትልቁ ሊግ ያሠለጠነው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ብዙዎች እብደት አሉት። በ2021 ስፖርቲንግ ከ19 ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ አነሳ።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። በሰኔ 2018 ሪያል ማድሪድ የስፔን ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የነበረውን ሁለን ሎፔቴጊን መሾሙን አስታወቀ። የዓለም ዋንጫው ሊጀምር ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር! በማግስቱ የስፔን ፌዴሬሽን አባረረው። ተጫዋቾቹ ሩሲያ ገብተዋል፣ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ከፖርቱጋል ጋር ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ አሰልጣኝ የለም። ፈርናንዶ ዬሮ በጥድፊያ ተተካ፤ ስፔን በጥሎ ማለፉ በሩሲያ በፍጹም ቅጣት ምት ወደቀች። ሎፔቴጊም ማድሪድ ላይ አልከረመም፤ ጥቅምት ላይ ባርሴሎና 5 ለ 1 ካሸነፈው በኋላ ተሸኘ። ዜናውን አንድ ወር ማቆየት ማንንም አይጎዳም ነበር።

ጥያቄ፦ የቀድሞ ኮከባችን አሰልጣኝ ይሁን እየተባለ ነው። ጥሩ ተጫዋች ጥሩ አሰልጣኝ ይሆናል?

መልስ፦ በተጫዋችነቱ አትፍረድ። አሪጎ ሳኪ በፕሮፌሽናል ደረጃ ተጫውቶ አያውቅም፣ ሚላንን ግን በ1989 እና በ1990 የአውሮፓ ሻምፒዮን አድርጓል። ዚዳን ሦስት ተከታታይ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲያነሳ ሰው የሚረሳው አስቀድሞ የማድሪድ ረዳት አሰልጣኝ፣ ቀጥሎም የሁለተኛው ቡድን አሰልጣኝ እንደነበር ነው። የቀድሞው ኮከብ አማካይ ፒርሎ ግን በ2020 ለዩቬንቱስ ወጣቶች ቡድን በተሾመ በቀናት ውስጥ፣ አንድም ጨዋታ ሳይመራ ዋናው ቡድን ላይ ተቀመጠ። ሁለት ዋንጫ ቢያነሳም ሊጉን 4ኛ ሆኖ ጨርሶ በዓመቱ ተሰናበተ። ኮከባችሁ የት፣ ስንት ዓመት አሠለጠነ? እሱን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ አዲሱ አሰልጣኛችን ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ጥሩ ምርጫ መሆኑን ቶሎ የማውቅበት ነገር አለ?

መልስ፦ በመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ አትመን፤ እዚያ ሁሉም ጎበዝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ውጤቶችም ብዙ አትቁጠራቸው። እኔ የማየው ነባር ተጫዋቾችን ምን እንዳደረጋቸው ነው። ስሎት ሊቨርፑል ሲገባ ክለቡ የሚፈልገውን የተከላካይ አማካይ ሊያገኝ አልቻለም፤ የተፈለገው ዙቢሜንዲ ከስፔኑ ክለብ ከሪያል ሶሲዳድ አልወጣም አለ። ስሎት ከዓመት በፊት ከባየር የመጣውን፣ ብዙ ጊዜ ተቀያሪ የነበረውን ራያን ግራቨንበርኽን ወስዶ ከተከላካዮቹ ፊት አቆመው። ልጁ ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ኳስ ይቀበላል፣ በአንድ ንክኪ ዞሮ የሚጫነውን ሰው ያልፋል፣ ከፊቱ ሜዳው ይከፈትለታል። በዓመቱ መጨረሻ የፕሪሚየር ሊጉ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተባለ። አዲስ የተገዛ የተከላካይ አማካይ አልነበረም። ስለዚህ ሰኞ ልምምድ ሲጀመር ባለፈው ዓመት ተስፋ የቆረጥክበት ተጫዋች የት ቦታ እንደቆመ ተከታተል። አምስትና ስድስት ጨዋታ ካለፈ በኋላ ያየኸውን ጻፍልኝ፣ በሚቀጥለው እትም እንነጋገርበታለን።